አምስት ቀላል ዘዴዎች ለጠባብ ባኞ ቤት

ኦቦ ገመቺስ ቤታቸውን ለተከራይ ሲያሳዩ ሳሎኑን ገብተው ያሳያሉ፣ መኝታ ቤቱን ገብተው ያሳያሉ፣ ባኞ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ግን በሩን ገፋ አድርገው ከውጭ በእጃቸው ይጠቁማሉ። ሚንሃ ያን ቀን ይህን ከጨዋነታቸው ቆጥራው ነበር። ቤቱን ከተከራዩት በኋላ እንደተረዳችው ግን ሰውየው ያልገቡት ክፍሉ አከራይና ተከራይን አንድ ላይ ስለማይችል ነው።

ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው። ሚንሃ ለክታዋለች። ሰበታ መንገድ ላይ ባለ የፓስታ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ስለሆነች ሳትለካ የምታምነው ነገር የለም። በዚህ ስፋት ውስጥ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የእጅ መታጠቢያ እና ለጌጥ የተተከለ ሻወር አሉ። ለጌጥ የተባለው ውሃ ስለማይመጣበት ነው። ቤቱ ባለበት ዓለም ገና ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው በወረቀት ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ይላል፤ ቧንቧው ግን ወረቀቱን አላየውም። ስምንት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን ይጠፋና አንድ ቀን ማንም ሳይጠራው እንደ ሩቅ ዘመድ ከተፍ ይላል።

ስለዚህ ባኞ ቤቱ የሰው ሳይሆን የጀሪካን መኖሪያ ነበር። አሥራ አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ ሰማያዊ በርሜል፣ ከዚያ ደግሞ የኡዘይር ዕቃ። ኡዘይር የሚንሃ ባል ነው፤ ሰበታ ገበያ አጠገብ በቤተሰቡ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ይሠራል። ሱቁ ውስጥ የተሸጠው ዕቃ የሰው ቤት ይሄዳል፤ ያልተሸጠው ዓለም ገና ይመጣል። ክዳኑ የጠፋ ባልዲ፣ ባልዲው የጠፋ ክዳን፣ እጀታው የተሰበረ ጆግ፣ ደግሞም ሰው ሁሉ በቀለሙ የሸሸው ሐምራዊ የሕፃን ገንዳ። ልጅ ገና የላቸውም፤ ገንዳው ግን ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ አብሯቸው ይኖራል።

ገላ መታጠብ የፈለገ ሰው መጀመሪያ አራት ጀሪካን ወደ ሳሎን ያወጣል፣ በርሜሉን በጉልበቱ ገፍቶ በጎን ይገባል፣ ገንዳውን ሽንት ቤቱ ላይ ያስቀምጣል፣ በሩን ይዘጋል፤ ከዚያም ሳሙናው ውጭ እንደቀረ ትዝ ይለዋል።

ቢሆንም ሚንሃ ቤቱን ትወደው ነበር። ያደገችው ከአምስት እህቶቿ ጋር በአንድ ክፍል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ስምንት ሆነው አንድ ዶርም ደረሳቸው፤ ስታገባ ደግሞ የመጀመሪያውን ስምንት ወር ሰበታ፣ በባሏ እናት ቤት አሳለፈችው። ያ ቤት ደግ ቤት ነው። ከመንዙማ ጓደኛ እስከ ጅምላ ነጋዴ ሰው ሲገባና ሲወጣ ይውላል፤ በሩ ተዘግቶ አያውቅም። ሚንሃም ስምንት ወር ሙሉ ለብቻዋ የተቀመጠችው መጋረጃ ስትሰቅል ብቻ ነበር። የዓለም ገናው ቤት በሕይወቷ ቁልፉን በእጇ የያዘችው የመጀመሪያው በር ነው። ከሥራ ስትመለስ ትከፍተዋለች፣ ትገባለች፣ ትዘጋዋለች፤ ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ምንም ሳትሠራ ትቆማለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ሰኞ ማታ እራት ላይ ኡዘይር አንገቱን ሳያቀና እናቱ ሐሙስ እንደሚመጡ ነገራት። እማ ሰብሪያ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ለሳምንት እንዲመላለሱ አዟቸዋል፣ ከሰበታ ይልቅ ደግሞ ዓለም ገና ይቀርባል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሰላም ነበር።

«ቤቱንም ታየዋለች» አለ ኡዘይር ከወጡ ጋር እየታገለ። «እንግዲህ ካልተመቻት... ሰበታ ሁለቱ ክፍል ባዶ ነው፣ ለምን ኪራይ ይገፈግፋሉ እያለች ነው።»

ሚንሃ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። እማ ሰብሪያ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ታጥበው ውዱእ ያደርጋሉ፤ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ያ ባኞ ቤት ደግሞ ጤነኛ ዝላይ ዘላይ ነው የሚፈልገው። አንድ ቀን ሞክረውት ሁለተኛው ቀን ላይ ጓዛችሁን ጠቅልሉ ቢሉ ማን ይከራከራቸዋል? ኡዘይር ለእናቱ እምቢ ያለበት ቀን ታሪክ አልመዘገበውም። አልፈልግም፣ ቤቴ ይሄ ነው፣ እዚሁ እኖራለሁ ማለት የነበረባት እሷ ነበረች።

«ኢንሻአላህ» አለች ሚንሃ።

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ሞት ሽረት በሆነው ሰዓት ያወጣችው ንግግር ይኸው ነበር። አፏ ያልደፈረውን ባኞ ቤቱ እንዲናገርላት ወሰነች። ባኞ ቤቱ ካማረ እማ ሰብሪያ የሚሉት ያጣሉ፤ የሚሉት ካጡ እሷም የምትመልሰው አይኖርም፤ ሁሉም ዝም እንዳለ በሰላም ይኖራል።

እንዲህ ላለ ችግር ደግሞ ሊሊ አለች። ሊሊ ቡራዩ ካሉት አዳዲስ ቤቶች በአንዱ ሆና በስልክ ቪዲዮ ስለ ቤት አያያዝ የምታስተምር ሴት ናት። «ውዶቼ» ትላለች፣ «ዛሬ በጣም ጠባብ ለሆነ ባኞ ቤት አምስት ቀላል ዘዴዎችን ይዤ መጥቻለሁ»፤ ይህን እያለችም በጣም ጠባብ በሆነው ባኞ ቤቷ ውስጥ ትራመዳለች። ሚንሃ ቪዲዮውን መልሳ አየችው። አራት እርምጃ ሄዳ፣ ዞራ፣ አራት እርምጃ ተመለሰች። መስኮት ነበራት። መስኮቱ ላይ አበባ ነበረ። አበባው የቆመበት ቦታ የሚንሃን ባኞ ቤት እኩሌታ ያህላል።

የመጀመሪያው ዘዴ የማይጠቅም ዕቃን መጣል ነው። ሚንሃ ክዳኖቹን ሰብስባ በር ላይ ስታደርስ ኡዘይር ደረሰ። ለነጋዴ የማይጠቅም ዕቃ ብሎ ነገር የለም፤ ገዢው ገና ያልመጣለት ዕቃ ነው ያለው። እያንዳንዱን እያነሳ «ይሄ ይሸጣል» አለ። የተሰበረውን ጆግ አንስቶ ግን ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ «ይሄም ሰው ያገኛል» አለ። በመጨረሻ ሁሉም ነገር ተጣለ፤ ማለትም አልጋው ሥር ገባ።

ሁለተኛው ዘዴ የበሩን ጀርባ መጠቀም ነው። ሚንሃ ከአሮጌ ጂንስ ባለ ስድስት ኪስ ማንጠልጠያ ሰፍታ በሩ ላይ በሽቦ አሰረችው፤ ሻምፖ፣ ቅባት፣ ማበጠሪያ፣ የጥርስ ሳሙና ሞላችበት። ማክሰኞ ጠዋት ኡዘይር ገብቶ በሩን ዘጋው፤ ሊወጣ ሲል የሞላው ኪስ በርሜሉ ላይ ተሰክቶ በሩ አንድ ስንዝር ብቻ ተከፈተ። በዚያች ስንዝር በኩል አፍንጫውን አውጥቶ ሱቁ እንደረፈደበት ለሚስቱ አስረዳት። ሚንሃ እጇን አሾልካ ሻምፖዎቹን አንድ በአንድ እስክታወጣ ድረስ ስለ ሊሊ ያለውን አስተያየትም ጨመረላት።

ሦስተኛው ዘዴ ዕቃን በሳጥን በሳጥን መለየት ነው። ይህ ለኡዘይር በጣም ተስማማው። ማታውኑ ከሱቅ ክዳን ያላቸው አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ሳጥኖች ተሸክሞ መጣ፤ ላቡን እየጠረገም «ፈተናሽ አለቀ» አላት። ባኞ ቤቱ አሁን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሳጥንም የማይችል ሆነ። አራተኛው ዘዴ ፎጣዎችን ጠቅልሎ በቅርጫት መደርደር ነው። ያላቸው ሁለት ፎጣ ነው፤ ሚንሃ ሁለቱን ጠቅልላ አስቀመጠቻቸው፣ ኡዘይር አንዱን ፈትቶ ፊቱን ጠረገበት፣ ዘዴው አለቀ።

አምስተኛው ላይ ግን ሚንሃ ስልኩን አስቀምጣ አሰበች። ወለሉ ሲሞላ ግድግዳውን ተጠቀሙ ነው የሚለው። ከሽንት ቤቱ በላይ እስከ ጣሪያ ያለው ግድግዳ ባዶ ነበር። ሚንሃ ከፋብሪካው ዕቃ ቤት አስፈቅዳ፣ ዱቄት የመጣበትን አሮጌ ፓሌት ጣውላ በባጃጅ አስመጣች። አንድ ምሽት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ፣ ለክታ፣ አስቆርጣ፣ ቀለም ቀባችው፤ ባለ ሦስት ደረጃ መደርደሪያ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ኡዘይር እንኳ ዋጋውን ሳይገምት ለጥቂት ጊዜ አየው።

የቀሩት ጀሪካኖቹ ናቸው። ውሃ ከመጣ ስምንተኛ ቀኑ ስለነበር ዘጠኙ ባዶ ነበሩ። ሚንሃ ከበርሜሉ ጋር እስከ ቅዳሜ እንዲቀመጡላት የአከራዩን ባለቤት ወይዘሮ ገለቴን ለመነቻት። ገለቴ በሩ ላይ ቆማ ዘጠኙን ጀሪካን፣ በርሜሉንና ሚንሃን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ውሃ ቢመጣስ?»

«ፈረቃው ቅዳሜ ነው» አለች ሚንሃ።

ገለቴ በዚያ ሰፈር ሃያ ዓመት ኖራለች። ፈረቃን የሚያምን ሰው አግኝታ ስለማታውቅ እንደ እንግዳ ነገር ቆማ አየቻት፤ ከዚያ ጀሪካኖቹንም በርሜሉንም ተቀበለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ተበሳ። ድሪሉን ከጎረቤት ተዋሱ፣ ምክሩን ደግሞ ከኦቦ ገመቺስ። ኦቦ ገመቺስ እጃቸውን እንደ ሐኪም ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ በጣታቸው አንኳኩተው፣ ጆሯቸውን አስጠጉ። ቧንቧው በዚህ በኩል እንደማይሄድ፣ በዚያኛው ግድግዳ ዞሮ እንደሚወጣ ተናገሩ። «እኔ ራሴ ቆሜ ነው ያሠራሁት። ረኮ ሂንቀቡ፤ ችግር የለውም።» ቆመው ማሠራታቸው እውነት ነው። ያልተናገሩት ነገር ቢኖር ቤቱን ሲያሠሩ ሦስት ግንበኛ መቀያየራቸውንና እያንዳንዱ ግንበኛ ቧንቧውን ደስ ባለው በኩል ማስገባቱን ነው።

ሌላ አገር ያለ ሰው ቧንቧ ሲበሳ ወዲያው ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ይረጭበታል። ዓለም ገና ላይ ግን ስምንት ቀን የደረቀ ቧንቧ ቢበሳ እንደ ማንኛውም ግድግዳ ነው የሚበሳው። አንደኛውና ሁለተኛው ቀዳዳ ግራጫ አቧራ አወጡ። ሦስተኛው ላይ ድሪሉ ድንገት ለሰለሰና የተጠቀለለ ነጭ ፍርፋሪ አወጣ። ኡዘይር ጀሶ ነው አለ። ከፍርፋሪው ኋላ አንዲት ጠብታ ውሃ ወጣች፤ እሷንም በአውራ ጣቱ ጠረጋትና ግድግዳው እንዳላበው ተናገረ።

ሚንሃ ደመወዝ የሚከፈላት ትንንሽ ነጭ ነገሮችን አይታ ምን እንደሆኑ እንድትለይ ነው። ጀሶ ይደቅቃል እንጂ አይጠቀለልም። ይህን አየች፣ አወቀችም። ነገር ግን መደርደሪያው ግድግዳው ላይ ተይዟል፣ ኡዘይር ቪሱን እያጠበቀ ነው፣ እማ ሰብሪያ ነገ ናቸው። ምንም አላለችም።

ሐሙስ እማ ሰብሪያ ከባጃጅ ሲወርዱ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የራሳቸውን የውዱእ ማንቆርቆሪያ ይዘው ነበር። በልጃቸው ሱቅ ሁለት መቶ ማንቆርቆሪያ ቢኖርም የሚያምኑት ይህንን ብቻ ነው። ኡዘይር ሱቁን ዘግቶ ነበርና ቦርሳቸውን ተሸከመላቸው። ሳሎኑን አዩ፣ መኝታ ቤቱን አዩ፤ አልጋው ሥርም ጎንበስ ብለው አይተው ቀና አሉ። ባኞ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ነጭ መደርደሪያ፣ የተደረደሩ ሳጥኖች፣ ሁለት የተጠቀለሉ ፎጣዎች፣ ለውዱእ የተዘጋጀች በርጩማ፣ እና ወለል። ሚንሃ ራሷ ወለሉን ካየችው ዓመቱ ነበር።

«ጣውላው ጥሩ ነው» አሉ እማ ሰብሪያ። ከእሳቸው አፍ ይህ ግጥም ነው። ቀጥለው በዓይናቸው አንድ ነገር ፈለጉ። «ጀሪካኖቻችሁስ?»

«ሁለት አሉ እማ።»

«ሁለት» አሉ፣ የማያውቁትን በሽታ ስም እንደሚደግም ሰው።

የከሰዓት በኋላው የዓሱር ሶላት ሲደርስ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ገቡና በሩን መለሱት። ሚንሃ ሳሎን ውስጥ ቆማ በጆሮዋ ተከተለቻቸው። በርጩማዋ ተጎተተች፤ ተቀመጡ ማለት ነው። ውሃ ተንቆረቆረ። የሚጋጭ ነገር የለም፤ የሚንኮታኮት ነገር የለም። ያቺ ትንሽ ክፍል ከተፈጠረች ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰላም አግኝታ አታውቅም። ሚንሃ ከሰኞ ወዲህ የያዘችውን ትንፋሽ ልታወጣ ስትል የገለቴ ድምፅ ከግቢው ተሰማ።

«ቢሻን ዱፌ!»

ሚንሃ ኦሮምኛዋ የገበያ ቢሆንም ይህችን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም። ውሃ መጥቷል። ወረቀቱ ከሚለው ሁለት ቀን ቀድሞ፣ ጀሪካኖቹ የሰው ቤት ባሉበት ሰዓት መጥቷል።

መጀመሪያ ቧንቧው በግድግዳው ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ቀጥሎ ከመደርደሪያው ጀርባ የሚያፏጭ ድምፅ መጣ። ከዚያ ሦስተኛው ቪስ እንደ ጥይት ወጥቶ በሩን መታው፤ መደርደሪያው በቀስታ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አጎንብሶ፣ አሥራ ሁለቱን ሳጥኖች አንድ በአንድ ወለሉ ላይ አወረዳቸው። የቀረውን ውሃው ጨረሰው።

በሩ ተከፈተና እማ ሰብሪያ ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡ። ከሻሻቸው እስከ ነጠላ ጫማቸው ውሃ ይንጠባጠባሉ። ማንቆርቆሪያው ከእጃቸው አልወጣም።

«እኔ የፈለግሁት እጅና እግሬን ለመታጠብ ነበር» አሉ።

ኡዘይር እናቱን አልፎ ዘሎ ገባና አውራ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ወተፈው። ውሃው ቆመ። ከዚያ ጀምሮ ኡዘይር የቤቱ ዕቃ ሆነ። ሚንሃ የቆጣሪውን መዝጊያ ለማዘጋት ወደ ገለቴ ሮጠች፤ ገለቴም ኦቦ ገመቺስ ተከራይ እንዳይነካው ብለው የቆጣሪውን ሳጥን እንደቆለፉት፣ ቁልፉ ቀበቷቸው ላይ እንዳለ፣ ቀበቶው ደግሞ ከነባለቤቱ ለዘመድ ሽምግልና ጠዋት ሱሉልታ መሄዱን አስረዳቻት። ከሱሉልታ ዓለም ገና ለመድረስ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። ደወሉላቸው። ሚንሃ ስልኩን ባሏ ጆሮ ላይ ያዘችለት። ሰውየው ነገሩን በትዕግሥት ሰምተው በዚያ ግድግዳ ውስጥ ቧንቧ እንደሌለ ነገሩት።

«ኦቦ ገመቺስ» አለ ኡዘይር፣ «ጣቴ ያለው ውስጡ ነው።»

ሰውየው መጣሁ አሉ፤ ሚኒባሱ እንደሞላ ይነሳሉ።

ሚንሃ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተቀመጠች። ሁሉም እንዳለቀ ገብቷታል። ሰበታ፣ የማይዘጋው በር፣ መጋረጃ መስቀል። እማ ሰብሪያ ግን ደረቅ ልብስ ከቦርሳቸው አውጥተው ለውጠው ሲመለሱ የሚያዩት ሌላ ነገር ነበር።

«ለምንድነው የሚዘጋው?» አሉ። «ስምንት ቀን የጠበቃችሁት ውሃ አይደለም እንዴ? ተነሺ፣ ጀሪካኖችሽን አምጪ። ሳጥኑም ይያዝበት። አንተ፣ ልቀቅ ስትባል ትለቃለህ፣ ያዝ ስትባል ትይዛለህ። እኔ ሶላቴን ልስገድ።»

እሳቸው ሳሎን ሲሰግዱ ሚንሃና ገለቴ ዘጠኙን ጀሪካን መለሱ። ሥራው ተያዘ። ሚንሃ እጀታው የተሰበረውን ጆግ ከቀዳዳው ሥር ደግና «ልቀቅ» ትላለች፣ ኡዘይር አውራ ጣቱን ያነሳል፣ ሲሞላ «ያዝ» ትላለች፣ ይወትፋል፤ ጆጉም ጀሪካኑ ውስጥ ይገለበጣል። ሁለት ጀሪካን ከሞሉ በኋላ ከሁለቱም በኩል ልምድ መጣ። ሚስቱ በዓመት ውስጥ ይህን ያህል አዝዛው አታውቅም። ኡዘይር ግን ዓይኗን አያይም ነበር፤ ሚንሃ ከድካም ነው ብላ አለፈችው።

እማ ሰብሪያ ሶላታቸውን ጨርሰው በርጩማዋን ባኞ ቤቱ በር ላይ አስቀምጠው ተቀመጡባት። የሚንሃን ሥራ፣ የወደቀውን መደርደሪያ፣ በወለሉ ውሃ ላይ የተንሳፈፉትን ፎጣዎች አዩ።

«አንድ ነገር አልገባኝም ልጄ» አሉ። «ጥለሽው ለምትሄጅው ቤት ይህን ሁሉ ጣውላ ምን አስለፋሽ?»

ሚንሃ ቀና አለች። «ማነው ጥዬ እሄዳለሁ ያለው እማ?»

እማ ሰብሪያ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሚንሃም አብራቸው ዞረች። ኡዘይር አውራ ጣቱን ከቧንቧው ጋር አጣብቆ፣ ፊቱን ወደ ሴራሚኩ አዙሮ ቆሟል። መሄጃ አልነበረውም። ቢለቅ ውሃ ነው፣ ቢይዝ እናቱ ናት።

«ኡዘይር» አሉ እናቱ።

«ጣቴ ደነዘዘ» አለ ኡዘይር።

እናቱ ታዲያ ነገሩን እንደ ሱቅ ዕቃ አንድ በአንድ አወጡት። ሁለቱን ክፍል አንድ መምህር ተከራይቷቸው ሊገባ ሲል ልጃቸው ደውሎ አስቆማቸው። ሚንሃ በባኞ ቤቱ ተማርራ በየቀኑ እንደምታለቅስ፣ ሰበታ መመለስ እንደምትፈልግ፣ እሳቸውን መጠየቅ ግን እንዳፈረች ነገራቸው። መምህሩን ሦስት ሳምንት በነገ ዛሬ አመላለሱት። አሁን የመጡትም ክሊኒኩ አንድ ነገር ሆኖ፣ ሌላው ምራታቸውን ለመምከር ነው፤ ቤት ጠበበ ተብሎ ወደ አማት አይኮበለልም፣ ቻል አድርጊው ሊሏት ነበር።

«እኔን ደግሞ እርስዎ ኑ እንዳሉን ነው የነገረኝ» አለች ሚንሃ። ድምፅዋ ለራሷም አዲስ ነበር።

«እኔ?» አሉ እማ ሰብሪያ። «ሠላሳ ዓመት ሰው ስቀበል ኖሬ ገና አሁን በሬን ልዘጋ ስል?»

ኡዘይር መደበቂያ ሲያጣ ምክንያቱን ለሴራሚኩ ነገረው። ሱቁ ሰበታ ነው። ጠዋት ጠዋት ለሚኒባስ ሰልፍ መያዝ አለ። እዚያ ቢሆኑ ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ መተኛት ይችል ነበር። ሚንሃን ብጠይቃት እምቢ ትላለች፣ እናቴን ብጠይቃት ትስቅብኛለች ብሎ ፈራ፤ ስለዚህ ሁለቱም ራሳቸው የፈለጉት እንዲመስላቸው አደረገ።

«ግማሽ ሰዓት እንቅልፍ» አሉ እናቱ። «ሙሉ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ምን ልታደርገን ኖሯል?»

ሚንሃ ልትስቅ ቃጣት። ግን እማ ሰብሪያ ወደ እሷ ዞረው ነበር፤ ፊታቸው የቀልድ አልነበረም።

«እሱን ተይው። ሁለታችንን ሲያወራልን ከርሟል። አሁን ካንቺ አፍ ልስማው። ክፍሎቹን ልያዝልሽ ወይስ ልስጣቸው? ትመጫለሽ አትመጪም?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። ስምንት ወር ያበሉሽን፣ ሲያምሽ ያስተኙሽን ሴት ዓይን እያዩ ከእርስዎ ጋር መኖር አልፈልግም ማለት ግን ምን ዓይነት ቃል እንደሚፈልግ ሚንሃ አታውቅም። ምሽቱን ሙሉ የፈገፈገችው ጣውላ ይህን እንዲልላት ነበር፤ ጣውላው ወድቋል። ረቡዕ ዕለት ያንን ነጭ ፍርፋሪ እያየች ዝም ማለቷ ትዝ አላት። ውሃው ጫማዋ ውስጥ ገብቷል።

«አልመጣም እማ» አለች። «እርስዎን ጠልቼ አይደለም። ይሄን ቤት ስለምወደው ነው።»

እማ ሰብሪያ የተበሳውን ግድግዳ፣ የተንጋደደውን ጣውላ፣ ውሃ ሊይዝ ከአልጋው ሥር በወጣው ሐምራዊ የሕፃን ገንዳ ውስጥ የሚዋኙትን ሻምፖዎች ተመለከቱ።

«ይሄንን?»

«ይሄንን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማት ይሁን ማዘን አልለየም። ከዚያ ስልካቸውን ከደረታቸው አውጥተው፣ ራቅ አድርገው ይዘው፣ ቁጥሩን ፈልገው ደወሉ። መምህሩን ስሙን ጠርተው ሰላም አሉት፣ የልጆቹን ደኅንነት ጠየቁት፣ ስላመላለሱት አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አሉት። ክፍሎቹ የእሱ ናቸው። ቅዳሜ ይግባ። ልጆቼ ይመጣሉ ብዬ ነበር የያዝኩት፣ አይመጡም፣ ቤት አላቸው አሉት። የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ሚንሃን አላዩአትም፤ ሚንሃ ግን ጆጓን እንደያዘች ቀረች።

ስልኩ ሲዘጋ ግቢው ውስጥ የገለቴ ባልዲ ብቻ ይሰማ ነበር። ሰባት ጀሪካን ሞልቷል። ሁለቱ ይቀራሉ።

«እማ» አለ ኡዘይር ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቀ፣ «ትንሽ ልልቀቅ እንዴ? እጄ የለም።»

እማ ሰብሪያ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ምን ትያለሽ? ቤቱ ያንቺ ነው፤ ይልቀቅ?»

ሚንሃ ስምንተኛውን ጀሪካን ጎተት አድርጋ አፉን አስተካከለች። ለመመለስ አልቸኮለችም።

«ትንሽ ይቆይ» አለች።